አሥራ አራት አግድም

ግሪምስቢ ወደብ፣ ሰሜን ባሕር ዳር፣
ነፋስ ጨው ተሸክሞ በር በሚያንኳኳበት ባለ ቀይ ጡብ ሰፈር፣
ሞሪንና ሌስሊ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ጠዋት የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይፈታሉ።

«ሰባት ቁልቁል» ትላለች፣ «የመርከብ ገመድ፣ ስድስት ፊደል።»
«ሆውዘር» ይላታል፣ ዳቦው ላይ ማርማላት ሲደለድል።
በዓሣ አጥማጅ መርከብ ወጥ ቤት ነበረ፤
ገመድ ከነስሙ፣ ነፋስ ከነጠባዩ ከዚያ ተማረ።
እሷ ቤተ መጻሕፍት ኖራ ወንዙን፣ ንጉሡን፣ አበባውን ትመልሳለች፤
ቀድማ ያወቀችውን ግን፣ የእሱ ከሆነ፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

ማክሰኞ ግን ጠዋት፣ ሻዩ ሳይበርድለት፣
ኩባያው ከእጁ አመለጠ፤ ቀኙ ዛለበት፣
አፉ እንደ ተከፈተ ቃሉ ጠፋበት።

የንግግር ሐኪሟ፣ ወጣቷ ታንዚላ፣
ሰሌዳ አመጣች፣ ሃያ ስድስት ፊደል በረድፍ የሞላ፤
«በግራ እጅዎ ያሳዩን፣ ቀስ ብለው፣ ይሆናል።»
ጣቱ እንደ ታንኳ ወዲያ ወዲህ ይላል፤
አንሶላውን መታ ያደርጋል፣
ኤ ላይ ያርፋል፣
እንደገና አንሶላውን፤ ከዚያ ኢ፣ ከዚያ አር ላይ ይቆማል፤
ግንባሩን ያልበዋል።

ያን ሌሊት አልተኛችም። በጋዝ ደረሰኝ ጀርባ
ቃል ስትለቅም አደረች፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ።
ሁሉም ባለ አምስት ናቸው፣ ሁሉም በአር ያልቃሉ፣
ሁለተኛው ኤ፣ አራተኛው ኢ፤ በአንድ ልክ ተሰፍተዋል ሁሉ፤
እንደ አንድ እናት ልጆች መልክ ይጋራሉ፣ በግብር ይለያያሉ።

«ዋተር ነው? ውሃ ጠማህ?» አቀረበች፤ ፊቱን አዞረ።
«ፔይፐር? ጋዜጣ?» ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ተወው እንደ ነበረ።
«ዌይፈር? ቄሱ ቁርባን ይዘው ይምጡ ወይ?»
በአንድ ጉንጩ ሳቀ፤ ከቄስ አይስማማም፣ ታውቅ የለም ወይ?
«ሌይተር? ኋላ ልምጣ? ልሂድ?» ስትለው ግን ደንግጦ
ቀሚሷን ጨመደደ፣ ዓይኑ እንባ አርግዞ፣ ፈጦ።

ውሃ በእኔ ፊደል ሁለት ቤት ነው ጠቅላላ፣
ለተጠማ ይቀላል፤ እሱ የጠማው ግን ሌላ።

እሑድ ማታ ቤቷ ገብታ የማክሰኞውን ሻይ
ከምንጣፉ ስትፈገፍግ፣ ከወንበሩ ሥር፣ አቧራው ላይ፣
አገኘችው ጋዜጣውን፤ ጠርዙ ደርቆ፣ ሻይ የጠጣ፣
ግማሹ በእሷ ጽሕፈት ሞልቶ፣ ግማሹ መልስ ያጣ።
አሥራ አራት አግድም። ባዶ፣ ኤ፣ ባዶ፣ ኢ፣ አር።
ፍንጩም «ቀጭን ብርሃን፤ ወይም እየሳሱ ማለቅ» ይል ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች።
ለካ ውሃ አልጠየቀም፣ ቄስ አልጠየቀም፣
ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ገና አልተነሣም፤
ጠረጴዛው ዳር ነው፣ ማርማላቱ ቢላው ላይ፤
ተራው የእሱ ሆኖ ዝም ይላል ወይ?

ሰኞ ጋዜጣውን አንሶላው ላይ ዘርግታ ፍንጩን አነበበች።
መልሱን ከእሑድ ጀምሮ ታውቃለች።
እርሳሷን ይዛ ጠበቀች።

ጣቱ ተነሣ።
ቲ።
ከዚያ ረጅም ዕረፍት፤ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ አለፈ፣ ሰው አስነጠሰ።
ፒ።

ቴይፐር። በእኔ ቋንቋ ጧፍ።
ጻፈችው፤ ወረቀቱ ሻይ ጠጥቶ ስለ ነበር ተቀደደ ጫፍ ጫፉ።
ስለ ሁለተኛው ፍቺ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አለፉ።

መነጽሯን ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፦
«አሥራ ስድስት ቁልቁል፤ የባሕር ወፍ፣ አራት ፊደል» አለች።
ጣቱ ሰሌዳውን ዘለለው፤ በቀጥታ ወደ መስኮቱ አመለከተ፣
እዚያ አንድ ነጭ ሌባ፣ የሕሙማንን ፍርፋሪ የለመደ፣ መስተዋቱን ይጠቁራል።

«ፊደሉን ነው እንጂ!» አለችው፤
«ወፉን ማን ጠየቀህ?»